ስለ ሳሉ ያልጠየቅነው ታካሚ

(ለጤና ባለሙያዎች ካደረግሁት ንግግር ለንባብ ተስተካክሎ የቀረበ)

ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ከዲውቲ ወጥታችሁ ሳትተኙ የመጣችሁ እንዳላችሁ ከዐይናችሁ ያስታውቃል። ስለዚህ ብዙ ሳልዞር ልጀምር።

ባለፈው አንድ ሳምንት ውስጥ፣ መስኮቱ በተዘጋ ክፍል ከሚያስል ታካሚ ጋር ያልተቀመጠ እጁን ያውጣ።

አንድም እጅ የለም። ሌላ ጥያቄ ልጨምር። ከእነዚያ ታካሚዎች ውስጥ “ሳሉ ከጀመረዎት ስንት ጊዜ ሆነ?” ብላችሁ የጠየቃችሁት ስንቱን ነው? ይህን በልባችሁ ያዙት። ዛሬ የምለው ሁሉ የሚዞረው በዚህች ጥያቄ ዙሪያ ነው።

እኔ ቲቢ ይዞኝ ነበር። የያዘኝም ሥራ ላይ እንደሆነ አምናለሁ። ይህን በሰው ፊት ለመናገር ዓመታት ፈጅቶብኛል። በዚያን ጊዜ የውስጥ ደዌ ዋርድ ውስጥ እሠራ ነበር። ሳል ጀመረኝ፤ ድካም ነው አልኩ። ሌሊት ሌሊት ያልበኝ ጀመር፤ ቤቱ ሞቆ ነው አልኩ። ልብሴ ሰፋኝ፤ ምሳ ስለምዘል ነው አልኩ። እነዚህን ሦስት ነገሮች አንድ ታካሚ ቢነግረኝ ወንበሩ ላይ ተደላድሎ ሳይቀመጥ የአክታ ምርመራ አዝለት ነበር። ለራሴ ለማዘዝ ግን ሁለት ወር ወሰደብኝ። በእነዚያ ሁለት ወሮች ስንት ሰው ላይ እንዳሳልኩ ሳስብ እስከ ዛሬ ይከብደኛል።

ከዳንኩ በኋላ ደጋግሜ ያሰብኩት አንድ ነገር ነው። ዋርዳችን ውስጥ ለቲቢ ታካሚዎች የተለየ ክፍል ነበር። እዚያ ስገባ ማስክ አደርጋለሁ፤ መስኮቱ ክፍት ነው፤ ታካሚዎቹም መድኃኒት ጀምረዋል። የምንፈራው ያንን ክፍል ነበር። ከዚያ ወጥቼ ወደ ትልቁ ክፍል ስሻገር ማስኬን አወልቃለሁ። እዚያ ለልብ ድካም የተኛ ሰው አለ። ለስኳር የገባች እናት አለች። ትኩሳቱ ከምን እንደሆነ ያልታወቀ ወጣት አለ። ከእነዚህ ውስጥ አንዳንዶቹ ከሳምንት፣ ከአሥር ቀን በኋላ አክታቸው ሲመረመር ቲቢ ይገኝባቸው ነበር። ያን ሳምንት ሙሉ ጎንበስ ብዬ ጀርባቸውን ሳዳምጥ፣ “በረጅሙ ይተንፍሱ፣ እስቲ ያስሉ” ስል ነበር የከረምኩት። ከማን እንደያዘኝ በእርግጠኝነት ማወቅ አልችልም። ግን ከምንፈራው ክፍል ነው ብዬ አላምንም።

ለምን እንደማላምን ለማስረዳት ስለ አየር ማውራት አለብኝ።

ሮበርት ኮክ የቲቢን ባክቴሪያ ማግኘቱን በርሊን ላይ ያሳወቀው እ.ኤ.አ. ማርች 24 ቀን 1882 ነው፤ ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። ባክቴሪያው ከሰው ወደ ሰው የሚሄድበትን መንገድ በማያሻማ ሁኔታ ለማሳየት ግን ከዚያ በኋላ ከ70 ዓመት በላይ ፈጀ። ዊልያም ዌልስ የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1930ዎቹ አንድ ሐሳብ አመጣ። ሰው ሲያስል የሚወጡት ጠብታዎች ዕጣቸው አንድ አይደለም አለ። ትልልቆቹ ቶሎ መሬት ላይ ይወድቃሉ። ትንንሾቹ ግን ሳይወድቁ አየር ላይ እያሉ ይደርቃሉ። የሚተርፈው ደረቅ ቅንጣት ከ1 እስከ 5 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር ሺኛ) ቢሆን ነው። ይህ ቅንጣት ከክፍሉ አየር ጋር ለሰዓታት ይንሳፈፋል። በጣም ትንሽ ስለሆነ አፍንጫና ጉሮሮ ይዘው አያስቀሩትም። እስከ ሳንባ የመጨረሻ ከረጢቶች ድረስ ይወርዳል።

ዌልስና ባልደረባው ሪቻርድ ራይሊ ይህን ለመፈተን ባልቲሞር በሚገኝ አንድ ሆስፒታል ያደረጉት ነገር ባሰብኩት ቁጥር ይደንቀኛል። በ1950ዎቹ መጨረሻ ነው። ስድስት ክፍል ያለው የቲቢ ዋርድ አዘጋጁ። ከክፍሎቹ የሚወጣውን አየር በሙሉ በቱቦ ሰብስበው ሕንፃው አናት ላይ ወደተሠራ ቤት ላኩት። እዚያ ከ100 በላይ ጊኒ ፒጎች፣ ለምርምር የሚያገለግሉ ትንንሽ እንስሳት፣ ነበሩ። እንስሳቱ ታካሚ አላዩም። ታካሚ የነካው ዕቃ አልደረሰባቸውም። ከታች ካሉት ሰዎች ጋር የሚጋሩት አየሩን ብቻ ነው። በቲቢ ተያዙ። በቀጣዩ ዙር ደግሞ ሌላ ቡድን ተጨመረ፤ ለዚህኛው የሚላከው አየር አስቀድሞ ጀርም በሚገድል በአልትራቫዮሌት ብርሃን ውስጥ እንዲያልፍ ተደረገ። እነዚህኞቹ ሳይያዙ ቀሩ።

ከዚያ ሥራ የወጣ ሌላም ነገር አለ። እንደ እኔ እምነት ለእኛ ከሁሉም የሚበልጠው ይሄኛው ነው። እንስሳቱን በብዛት ያስያዙት ታካሚዎች ጥቂቶች ነበሩ። መድኃኒት ያልጀመሩና የጀመሩት መድኃኒት የማይሠራላቸው ሰዎች ናቸው ጎልተው የወጡት። የሚሠራ መድኃኒት እየወሰዱ ያሉት ግን የማስተላለፍ አቅማቸው በጣም ወርዶ ተገኘ።

ይህን በዋርዳችሁ ላይ አስቀምጡትና እዩት። መድኃኒት የጀመረው ሰው፣ ካርዱ ላይ በትልቁ ቲቢ ተብሎ የተጻፈበት፣ ሁላችንም የምንርቀው ሰው፣ ሕክምናው ከሠራለት በጥቂት ጊዜ ውስጥ አደጋው እየቀነሰ ይሄዳል። የማንጠረጥረው ሰው ግን አንድም ክኒን ሳይወስድ ከጎናችን አለ። ካርዱ ላይ የተጻፈው የልብ ድካም ነው። ደግሞም መሣሪያችን ሁሉንም አያይም። በማይክሮስኮፕ አክታ ላይ ባክቴሪያ ለማየት በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ ከ5,000 እስከ 10,000 ያህል መኖር አለበት። ከዚያ በታች ከሆነ “ነጌቲቭ” ተብሎ ይመለሳል። ከዚህም የሚብስ አለ። በተለያዩ አገሮች ቤት ለቤት በተደረጉ የቲቢ ጥናቶች በሽታው ከተገኘባቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ ምንም ምልክት አልተናገሩም። ስለዚህ ያቺ የሳል ጥያቄ ሁሉንም አትይዝም። ግን ያልጠየቅነው ሰው ሁሉ ያመልጠናል።

የጤና ባለሙያ በሥራው ላይ ቲቢ ሊይዘው ይችላል ሲባል ዛሬ ማንም አይከራከርም። ለረጅም ጊዜ ግን የማይቀበሉት ሐኪሞቹ ራሳቸው ነበሩ። ስቴቶስኮፕን የፈለሰፈው ፈረንሳዊው ሬኔ ላኤኔክ በ1826 በ45 ዓመቱ የሞተው በቲቢ ነው። ያን ሁሉ ዓመት የሕሙማንን ደረት ሲያዳምጥና አስከሬን ሲመረምር ኖሯል። ኮክ ባክቴሪያውን ካሳየ በኋላ እንኳ “ቲቢ ሳናቶሪየም (የቲቢ ሕሙማን ማረፊያ) ውስጥ መሥራት ከውጭው ዓለም የተሻለ አስተማማኝ ነው” ብለው የሚያስተምሩ ነበሩ።

ይህን እምነት የናደው ኖርዌያዊው ሐኪም ዮሃንስ ሃይምቤክ ነው። ከ1924 ጀምሮ በኦስሎ ኡለቮል ሆስፒታል ለሚገቡ የነርስ ተማሪዎች ገና በሩ ላይ የቆዳ ምርመራ ማድረግ ጀመረ። ግማሽ ያህሉ ሲገቡ ነጌቲቭ ነበሩ። ቲቢ ነክቷቸው አያውቅም ማለት ነው። ሦስት ዓመት ተምረው ሲመረቁ ነጌቲቭ ሆኖ የቀረ አልነበረም ማለት ይቻላል። ከእነዚህ ወጣት ሴቶች ውስጥ ብዙዎቹ ታመሙ፤ የሞቱም አሉ። ሲገቡ ፖዘቲቭ ከነበሩት ጋር ሲነጻጸሩ የታመሙት በጣም ይበዙ ነበር። ሃይምቤክ ቢሲጂ የተባለውን የቲቢ ክትባት ለተማሪዎቹ መስጠት የጀመረው ከዚህ ተነሥቶ ነው። እስቲ አስቡት። እነዚህ ልጆች ሙያ ሊማሩ መጥተው ነው በሽታ የተቀበሉት። ዛሬም ቢሆን አዲስ ተማሪ ወደ ዋርድ ሲመጣ ሳይ እነሱ ትዝ ይሉኛል። ራውንድ ላይ በጣም የሚጠጋው፣ ታሪክ ለመውሰድ አንድ ሰዓት ሙሉ አልጋ አጠገብ የሚቀመጠው ተማሪው ነው። ማስክ ሲያንስ መጨረሻ የሚደርሰውም እሱ ነው።

ከዚያ የቲቢ መድኃኒቶች መጡ፤ ስትሬፕቶማይሲን በ1943 ተገኘ፤ አይሶናያዚድ በ1952 ሥራ ላይ ዋለ። ሳናቶሪየሞች ተዘጉ። ጥንቃቄውም አብሮ ተዘጋ። ማስታወስ ግድ የሆነው በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ መጀመሪያ በኒውዮርክና በማያሚ ሆስፒታሎች መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ሲዛመት ነው። ታካሚዎቹ በአብዛኛው ኤች አይ ቪ ያለባቸው ነበሩ። መድኃኒት መላመዱን የሚያሳየው ምርመራ ሳምንታት ይፈጃል። ብዙዎቹ ውጤታቸው ሳይደርስ ሞቱ። የሚያክሟቸው ሠራተኞችም ተያዙ፤ የሞቱ አሉ። ወረርሽኙ የቆመው ሆስፒታሎቹ ተጠርጣሪን ቶሎ መለየት፣ ክፍሎቹን ማስተካከልና በትክክለኛው መድኃኒት ማከም ሲጀምሩ ነው።

በ2006 ደግሞ ከደቡብ አፍሪካ ክዋዙሉ ናታል፣ ቱጌላ ፌሪ ከምትባል የገጠር ቦታ የወጣውን ዘገባ የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። አብዛኞቹን ዋና ዋና የቲቢ መድኃኒቶች የተላመደ ቲቢ ከተገኘባቸው 53 ታካሚዎች 52ቱ ሞቱ። እኔን ያስደነገጠኝ ግን ሌላው ነው። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከዚያ በፊት ለቲቢ ታክመው አያውቁም። መድኃኒት አቋርጠው አይደለም የተላመደው። የተላመደውን ዘር በቀጥታ ከሰው ነው የተቀበሉት። ሁለት ሦስተኛው ያህል ደግሞ በቅርቡ ሆስፒታል ተኝተው ነበር። በዚያው ክፍለ ሀገር በተሠራ ሌላ ጥናት፣ መድኃኒት በተላመደ ቲቢ ሆስፒታል የሚገቡ የጤና ሠራተኞች ቁጥር ከሌላው ሕዝብ ጋር ሲመዛዘን ከ5 እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኝቷል።

ቁጥር ካነሣሁ አይቀር አንድ ልጨምርና ልተወው። በ2006 የወጣ አንድ ግምገማ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የተሠሩ ጥናቶችን ሰብስቦ ነበር። በአማካይ 54% የሚሆኑት የጤና ሠራተኞች ድብቅ ቲቢ ነበረባቸው። በየዓመቱ አዲስ የመያዝ ዕድላቸው እንደ ቦታው ከ0.5% እስከ 14.3% ይደርስ ነበር። ይህን ሰፊ ልዩነት ልብ በሉልኝ። ሙያው አንድ ነው። የሚለያየው የሥራ ቦታው ነው። ስለዚህ “ሙያችን ነው፣ ምን ይደረጋል” የሚለውን አባባል አልቀበልም።

ድብቅ ስል ምን ማለቴ እንደሆነ በአጭሩ ልንገራችሁ። ባክቴሪያው ገብቷል፤ ሰውነት ግን ይዞታል። ሰውየው አልታመመም፤ አያስተላልፍም። ከእነዚህ ውስጥ በዕድሜ ዘመናቸው ወደ በሽታ የሚሄድባቸው ከ5 እስከ 10% ናቸው። ግማሽ ያህሉ የሚታመሙትም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ነው። ኤች አይ ቪ ካለ ይህ አደጋ በብዙ እጥፍ ያድጋል። ስኳር በሽታና የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክሙ መድኃኒቶችም ይጨምሩታል።

ለመሆኑ የሚጋለጠው ማን ነው? ሐኪምና ነርስ ብቻ ከመሰለን ተሳስተናል። አክታ የሚሠራ የላቦራቶሪ ባለሙያ አለ። በአየር ቧንቧ ቱቦ የሚያስገባ፣ ብሮንኮስኮፒ (የሳንባን ቧንቧ በካሜራ ማየት) የሚሠራ አለ። አስከሬን የሚመረምር አለ፤ የሞተ ሰው አያስልም፣ ግን የሳንባ ሕብረ ሕዋስ ሲቆረጥ ቅንጣቱ ይነሣል። በአሜሪካ በአንድ ሆስፒታል የቲቢ ቁስል ያለበት ታካሚ ነበር። ቁስሉ በውኃ ግፊት ሲታጠብ የተነሣው ርጭት ብዙ ሠራተኞችን አስይዟል። ሳል እንኳ አላስፈለገም።

ከእነዚህ ሁሉ የምትረሳው ግን ጽዳት ሠራተኛዋ ናት። ካርድ ክፍል የሚሠራው ልጅም እንደዚያው። እሱ ጋ ሁሉም ታካሚ ሳይመረመር ነው የሚደርሰው። ሰልፉ ረጅም ነው፤ መስኮቷ ጠባብ ናት። አንገቱን አስገብቶ ስሙን የሚነግረው ሰው ትንፋሹ ፊቱ ላይ ነው። ስልጠና ሲዘጋጅ ሁለቱንም የሚጠራቸው የለም። ይህ ያናድደኛል፤ በግልጽ ልናገረው።

አሁን ወደ መፍትሔው ልምጣ። ብዙ ጊዜ “ቲቢን በሥራ ቦታ እንከላከል” ሲባል የሚመጣው ጥያቄ “ኤን-95 (ፊት ላይ ገጥሞ ቅንጣቱን የሚያጣራው ማስክ) መጣ ወይ?” የሚል ነው። እኔም እጠይቅ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት የሚያስቀምጠው ቅደም ተከተል ግን ማስክን መጨረሻ ላይ ነው የሚያደርገው። መጀመሪያ የአሠራር ሥርዓት፣ ቀጥሎ አየር፣ ከዚያ ማስክ። ይህ ቅደም ተከተል በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። ማስክ የሚጠብቀው አንድን ሰው ነው፤ እሱንም ካደረገው፣ በትክክል ካደረገው፣ የሚፈራውን ሰው ካወቀ ብቻ። የማላውቀው ታካሚ ጋ ስገባ ማስኬ ኪሴ ውስጥ ነው።

የአሠራር ሥርዓት የሚለው ቃል ደረቅ ነው፤ ነገሩ ግን ቀላል ነው። የሚያስል ሰው በር ላይ ይጠየቃል። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ካሳለ፣ ኤች አይ ቪ ካለበት ደግሞ ለአንድ ቀንም ቢሆን ካሳለ፣ ሰልፍ አይጠብቅም። ማስክ ይሰጠዋል፤ ነፋስ ወዳለበት ቦታ ይቀመጣል፤ ቀድሞ ይታያል። አክታው በዚያው ቀን ይሄዳል። ጂንኤክስፐርት የተባለው የምርመራ ማሽን ውጤቱን ከ2 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይሰጣል፤ ባክቴሪያው ሪፋምፒሲንን፣ ዋናውን የቲቢ መድኃኒት፣ መላመዱንም አብሮ ይናገራል። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ምርመራ የተቀበለው በ2010 መጨረሻ ነው። ማሽኑ 2 ሰዓት የሚፈጅበት አክታ ጠረጴዛ ላይ 2 ቀን ካደረ ግን ማሽኑ ምን ጠቀመን? ስለዚህ በየዋርዳችሁ አንድ ነገር ለኩ። ታካሚው ከገባበት ሰዓት ጀምሮ የመጀመሪያውን ትክክለኛ መድኃኒት እስኪውጥ ስንት ሰዓት አለፈ? የሠራተኞቻችሁን ደኅንነት ከዚህ በላይ የሚያሳይ ቁጥር እኔ አላውቅም። ታካሚው ቶሎ ሲድን እኛም እንድናለን። የሁለታችን ጥቅም በዚህ ጉዳይ ላይ አንድ ነው።

ስለ አየር ደግሞ ከፔሩ የመጣ ቆንጆ ጥናት አለ። በ2007 የታተመ ነው። ተመራማሪዎቹ በሊማ ሆስፒታሎች የክፍሎችን አየር ለኩ። መስኮትና በር ሲከፈት የክፍሉ አየር በአማካይ በሰዓት 28 ጊዜ ይለወጥ ነበር። በማሽን አየር የሚገባላቸው ክፍሎች 12 ጊዜ ነበሩ። ይበልጥ የገረመኝ የሚቀጥለው ነው። ከ50 ዓመት በላይ የቆዩት፣ ጣሪያቸው ከፍ ያለና መስኮታቸው ትልልቅ የሆኑት አሮጌ ዋርዶች 40 ጊዜ ሲለዋወጡ፣ አዳዲሶቹ ባለ መስኮት ክፍሎች 17 ጊዜ ብቻ ነበሩ። የጥንቶቹ ሐኪሞች መድኃኒት አልነበራቸውም፤ ስለዚህ መስኮት ሠሩ። እኛ መድኃኒት አገኘንና መስኮቱን አሳነስነው። ከዚያ ደግሞ ኮርኒስ ዝቅ አደረግን፣ ክፍሉን በፓርቲሽን ከፋፈልን። ሕንፃ ሲታደስ ከጤና ባለሙያ ወገን አንድ ሰው ስለ አየር ጠይቆ ያውቃል? እባካችሁ ጠይቁ። ፕላኑ ሳይጸድቅ።

መስኮት ሁልጊዜ መልስ እንደማይሆን አውቃለሁ። ሌሊት ይበርዳል። ታካሚው ይዘጋዋል፤ አስታማሚው ይዘጋዋል፤ ተረኛውም ይዘጋዋል። ነፋስ የሌለበት ቀን አለ። ለእንዲህ ዓይነቱ ቦታ ከጭንቅላት በላይ፣ ወደ ጣሪያው የሚያበራ የአልትራቫዮሌት መብራት አለ። ሰው ላይ አይበራም፤ ላይ የወጣውን አየር ነው የሚያጸዳው። በዚያው በሊማ በ2009 በታተመ ሌላ ጥናት፣ ያልጸዳ አየር ከተነፈሱት ጊኒ ፒጎች 35% ሲያዙ፣ መብራቱ በነበረበት ጊዜ የተያዙት 9.5% ናቸው። ከራይሊ ሥራ 50 ዓመት በኋላ ያው ውጤት። መብራቱ ግን አቧራ ከጠጣ፣ ዕድሜው ካለፈ፣ ጌጥ ነው። የሚጠርገውና የሚለካው ሰው ከሌለ ባይገዛ ይሻላል።

ማስክን በተመለከተ መጀመሪያ የታካሚውን ማስክ ላንሣ። በደቡብ አፍሪካ በተሠራ ጥናት 17 መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ያለባቸው ታካሚዎች አንድ ቀን ተራውን የቀዶ ሕክምና ማስክ እንዲያደርጉ፣ በማግሥቱ እንዲያወልቁ ተደረገ። አየሩ በየቀኑ ተራ በተራ ለሁለት የተለያዩ የጊኒ ፒግ ቡድኖች ይሄድ ነበር። ማስክ ባልነበረባቸው ቀናት አየሩ ከደረሳቸው 90 እንስሳት 69 ተያዙ። ማስክ በነበረባቸው ቀናት ከ90 የተያዙት 36 ናቸው። ስለዚህ ያ ርካሽ ማስክ በታካሚው አፍ ላይ ሲሆን ዋጋ አለው። በእኛ ፊት ላይ ሲሆን ግን ዳርና ዳሩ ክፍት ነው፤ ቅንጣቱ በጎን ይገባል። ለእኛ የሚሆነው ኤን-95 ወይም ተመሳሳዩ ኤፍ.ኤፍ.ፒ.2 ነው። እሱም ፊት ላይ ካልገጠመ ጥቅም የለውም። ጢም ካለ አይገጥምም። አገጭ ስር የወረደ ማስክ ደግሞ ማስክ አይባልም። አለቆች ሆናችሁ እዚህ ያላችሁ ካላችሁ፣ አንድ ዓይነት ልክ ብቻ አትግዙ። የሰው ፊት አንድ ዓይነት አይደለም።

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ፤ ይሄ ነው ለእኔ ከባዱ። “በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም” ይባላል። የጤና ባለሙያ በሽታውን የሚደብቀው ግን በምክንያት ነው። ሥራዬን አጣለሁ ብሎ ይፈራል። የሥራ ባልደረቦቹ ከሱ ጋር ሻይ መጠጣት ያቆማሉ። “ኤች አይ ቪ አለበት ማለት ነው” ተብሎ ይወራል። እኔም አክታዬን ይዤ ወደ ራሳችን ላቦራቶሪ መሄድ አቅቶኝ ነበር። ስሜን የሚያውቁት ሰዎች ውጤቴን ከእኔ በፊት ያዩታል። ሌላ ቦታ ሄጄ ነው የተመረመርኩት። ያ መንገድ ሳምንታት ጨመረብኝ።

ስለዚህ ተቋሙ ለሠራተኛው ምስጢሩ የሚጠበቅበት የምርመራ በር ሊያዘጋጅለት ይገባል። ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ስለ ምልክት ይጠየቅ። ኤች አይ ቪ ያለበት ሠራተኛ ሳይገለጥ፣ ለምን ተብሎ ሳይጠየቅ፣ አነስተኛ አደጋ ወዳለበት ክፍል መዛወር ይችል ዘንድ መንገድ ይኑር። መታመሙ ከተረጋገጠ ደመወዙ ሳይነካ ይረፍ። የዓለም ሥራ ድርጅት ቲቢን በሥራ ምክንያት ከሚመጡ በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። ይህን የማነሣው ብዙዎቻችን መብት መሆኑን ስለማናውቅ ነው። ሥራ ላይ እጁ የተሰበረ ሰው ሪፖርት ያስጽፋል። ሥራ ላይ ሳንባው የታመመ ሰው ግን አንገቱን ይደፋል።

ድብቅ ቲቢ ለተገኘበት የመከላከያ ሕክምና አለ። ድሮ አይሶናያዚድ ለ6 ወይም ለ9 ወር በየቀኑ ነበር፤ ብዙ ሰው ያቋርጠዋል። አሁን ሪፋፔንቲንና አይሶናያዚድ በሳምንት አንድ ጊዜ ለ3 ወር ይወሰዳል። 12 ጊዜ ብቻ ነው። ከመጀመሩ በፊት ግን ንቁ ቲቢ (በሽታው ራሱ) አለመኖሩ መረጋገጥ አለበት። ጉበቱም ይታያል፤ ከሌላ መድኃኒት ጋር እንዳይጋጭም ይጠየቃል።

ከንግግሩ በኋላ ከመጡት ጥያቄዎች ሁለቱን ልጻፍ።

አንድ የነርስ ተማሪ “ማስክ ሳደርግ ታካሚው ይከፋዋል፤ ተጸየፈኝ ይላል፤ ምን ላድርግ?” አለኝ። እውነት ነው፣ ይከፋዋል። በተለይ አንዱ ጋ አድርገን ሌላው ጋ ካወለቅን። እኔ የማደርገው መጀመሪያ ስሜን መናገር ነው። ቀጥዬ “ከሚያስል ሰው ሁሉ ጋር ይህን አደርጋለሁ፤ እኔም አንድ ጊዜ ታምሜበት ነበር” እላለሁ። የመጨረሻዋን ስናገር ፊታቸው ይፈታል። አንተ ያን ማለት የለብህም፤ እንድትልም አልመኝልህም። “ከሚያስል ሰው ሁሉ ጋር” የሚለው ግን እውነት እንዲሆን ሁሉም ጋ ማድረግ አለብህ።

ሁለተኛዋ ጠያቂ በዕድሜ ጠና ያሉ የጽዳት ሠራተኛ ነበሩ። ከኋላ ተቀምጠው ነበር። “ታካሚው ከክፍሉ ወጣ ብለው ወዲያው ግቢና አጽጂ ይሉኛል። ሰውየው ከወጣ እኮ በሽታውም ወጥቷል ይሉኛል” አሉ። አዳራሹ ጸጥ አለ።

አልወጣም፣ እናቴ። አየሩ እዚያው ነው። ስንት ጊዜ እንደሚቆይ የሚወስነው ክፍሉ ነው። አየሩ በሰዓት 12 ጊዜ የሚለወጥ ከሆነ 99 በመቶው ቅንጣት እስኪወጣ 23 ደቂቃ ይፈጃል። 6 ጊዜ ከሆነ 46 ደቂቃ። መስኮቱ ተዘግቶ 2 ጊዜ ብቻ የሚለወጥ ከሆነ ግን ከ2 ሰዓት በላይ፣ 138 ደቂቃ። ስለዚህ ታካሚው ሲወጣ መስኮቶቹ ይከፈቱ፤ ወደ ኮሪደሩ የሚያወጣው በር ይዘጋ። የወጣበት ሰዓት በሩ ላይ ይጻፍ። የሚገቡበትም ሰዓት ከሥሩ ይጻፍ። ከዚያ በፊት መግባት ግድ ከሆነ፣ ሐኪሙ የሚያደርገውን ዓይነት ማስክ ለእርስዎም ይሰጥዎት። ሰዓቱ ካልተጻፈ የዋርዱን ኃላፊ ይጠይቁ። የሚጻፍበትን ወረቀት እኔ ነገ ጠዋት ይዤ እመጣለሁ፤ የሚለጠፍበትን በር እርስዎ ያሳዩኛል።